ሙዚቃ ለሚያውቅ ሰው፦ ጉቺንን ደረጃ በደረጃ መልመድ

ጉቺን ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ በጣት የሚደረደር ባለ ሰባት አውታር የቻይና መሣሪያ ነው። ርዝመቱ ከ120 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል። ፍሬት የለውም፤ በገጹ ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ 13 የዛጎል ነጠብጣቦች ብቻ ይታያሉ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ በዚያው ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ቢያወሩ ይሸፈናል። ለብዙ ዘመናት የተማሩ ሰዎች ለራሳቸው፣ ቢበዛ ለአንድ ወዳጅ የሚጫወቱት ስለነበረ ከዚያ በላይ ድምፅ አላስፈለገውም። በዚህ ጠባዩ በገናን ያስታውሳል፤ ሁለቱም የጥሞና መሣሪያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ ጠፈር የተላኩት የቮዬጀር መንኮራኩሮች በያዙት የወርቅ ሸክላ ላይ ከቻይና የተመረጠው ሙዚቃ ጉዋን ፒንግሁ በጉቺን የተጫወተው «ሊዩ ሹዌይ» ማለትም «ወራጅ ውኃ» ነበር። ዩኔስኮም በ2003 የጉቺንን ጥበብ ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል አድርጎ አውጇል።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው አንድ መሣሪያ አስቀድሞ በደንብ ለሚጫወት ሰው ነው፤ ክራር፣ ጊታር፣ ቫዮሊን፣ መሲንቆ ወይም በገና ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ጉቺን ፊት ሲቀመጥ ጆሮው ቀድሞ ይደርሳል፤ የሰለጠነ እጁ ግን መንገድ ይዘጋበታል። ድምፅ ለማውጣት የለመደው ፍጥነት፣ ክፍተትን በኖታ የመሙላት ልማድ፣ ሳያስበው የሚመጣው ቪብራቶ ሁሉ እዚህ እንቅፋት ነው። በጉቺን ላይ ሙዚቃው በአብዛኛው ያለው አውታሩ ከተመታ በኋላ፣ ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ ግራ እጅ በሚያደርገው ነገር ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ደረጃ 1፦ ከመንካት በፊት ማዳመጥ

አንድ ዜማ ይምረጡና በልዩ ልዩ ተጫዋቾች ይስሙት። ለዚህ የሚመች «ፒንግሻ ሉዎየን» ነው፤ ዝይዎች ወደ አሸዋማ ዳርቻ ሲወርዱ የሚያሳይ፣ በጣም የታወቀና በብዙ ቅጂ የሚገኝ ሥራ። ጉዋን ፒንግሁ (1897–1967)፣ ዉ ጂንግልዌ (1907–1987) እና ዣ ፉሺ (1895–1976) የቀረጿቸው ሙዚቃዎች በኢንተርኔት በቀላሉ ይገኛሉ። ዣ ፉሺ በ1956 ከባልደረቦቻቸው ጋር በቻይና ከተሞች እየዞሩ የአዛውንት ተጫዋቾችን ዜማ በቴፕ ቀርጸዋል። ዛሬ የምንሰማው የድሮው ትውልድ አጨዋወት ባብዛኛው የተረፈው በዚያ ጉዞ ነው።

ሲያዳምጡ ኖታ አይጻፉ። ሙዚቀኛ የመጀመሪያ ፍላጎቱ ዜማውን ገልብጦ ማውጣት ነው፤ ይህን ለጊዜው ይተዉት። ይልቁንም ሦስቱን የድምፅ ዓይነቶች መለየት ይልመዱ። ሳን የሚባለው ማንም ጣት ያልተጫነበት የክፍት አውታር ድምፅ ነው፤ ወፍራምና ረጅም። ፋን ሃርሞኒክስ ነው፤ እንደ ደወል የጠራ። አን ደግሞ አውታሩ ገጹ ላይ ተጭኖ የሚወጣው ነው፤ ሲንሸራተት የሚሰማው የጣት ሹክሹክታም ከሙዚቃው ይቆጠራል። የድሮ ሊቃውንት ክፍቱን ከምድር፣ ሃርሞኒክሱን ከሰማይ፣ የተጫነውን ከሰው ጋር ያዛምዷቸዋል። አንድ ዜማ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ቦታ ያለ ጽሑፍ መለየት ሲችሉ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ደረጃ 2፦ መምህር፣ ከዚያ መሣሪያ

ብዙ ሙዚቀኞች ይህን ገልብጠው ያደርጉታል። በመጀመሪያ መምህር መያዝ ያለበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው መሣሪያውን የሚመርጥልዎ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ጉቺን በመጽሐፍ ብቻ የማይገኝ ትምህርት ስለሆነ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኖታው ስንደርስ እንመለስበታለን።

በትምህርት ወይም በሥራ ቻይና ያለ ሰው ዕድለኛ ነው፤ በቤይጂንግም በሻንግሃይም ኮንሰርቫቶሪዎች የጉቺን ትምህርት አለ፤ ከነዚያ ውጭም በየከተማው የግል አስተማሪዎች ይገኛሉ። ሌላ ቦታ ያለ ሰው በቪዲዮ ይማራል። በቪዲዮ ከተማሩ ሁለት ካሜራ ያዘጋጁ፤ አንዱ ከላይ ሁለቱን እጆች፣ ሌላው ከግራ በኩል አውራ ጣትን ያሳይ። አንዷ የስልክ ካሜራ ከፊት ለፊት ብቻ ከሆነች መምህሩ ስሕተትዎን አያይም።

መምህሩ የየትኛው ትምህርት ቤት ወግ ተከታይ እንደሆኑ ይጠይቁ። ጉዋንግሊንግ፣ ዩሻን፣ ሹ፣ ሜይአን፣ ጂዩዪ የታወቁ የአጨዋወት ወጎች ናቸው፤ በምት፣ በጣት አጣጣልና በዜማው ዝርዝር ይለያያሉ። የትኛውም ጥሩ ነው። ክፉው ነገር በመጀመሪያው ዓመት ከሁለት ሦስት ወግ እየቀነጫጨቡ መሄድ ነው፤ ጆሮው የሰላ ሙዚቀኛ ደግሞ በዚህ ፈተና በቀላሉ ይወድቃል።

ደረጃ 3፦ መሣሪያውን መምረጥ

የጉቺን ገጽ ከፓውሎኒያ ወይም ከቆየ የጥድ ዓይነት እንጨት፣ ጀርባው ከጠንካራ እንጨት ይሠራል። ሁለቱ ተጋጥመው ክፍት ሆድ ይፈጥራሉ፤ ድምፁ የሚወጣው ከታች ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ነው። ጥሩው መሣሪያ ከዛፍ በሚወጣ የተፈጥሮ ላከርና በአጋዘን ቀንድ ዱቄት ተለብጦ ለወራት ይደርቃል። ርካሾቹ በኬሚካል ቀለም ይቀባሉ፤ ላያቸው ቶሎ ይቦረቦራል፣ ጣትም አይንሸራተትባቸውም። የተፈጥሮ ላከር ያለው አዲስ መሣሪያ ሲገዙ ሙሉ በሙሉ መድረቁን ይጠይቁ፤ ያልደረቀ ላከር የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ክፉኛ ያሳክካል።

ቅርጹና ጌጡ አያታልልዎ። መፈተኛው ይህ ነው፦ እያንዳንዱን አውታር ከግራው ጫፍ ጀምረው እስከ አራተኛው ነጥብ ድረስ (ነጥቦቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይቆጠራሉ) እየተጫኑ ይምቱት። በየትኛውም ቦታ የሚያንጫጫ ወይም የሚደነቃቀፍ ድምፅ ካለ ገጹ እኩል አልተላገም ማለት ነውና ይተዉት። ቀጥሎ የአውታሩን ከፍታ ይዩ። ሠሪዎቹ በድልድዩ በኩል የጣት ያህል፣ በግራው ጫፍ የወረቀት ያህል ይሁን ይላሉ። ከዚህ ከፍ ካለ ግራ እጅዎ ገና ሳይማር ይታመማል። በመጨረሻም ዘጠነኛው ነጥብ ላይ የተጫነ ድምፅ ከተመታ በኋላ እስከ ሰባተኛው ድረስ እያንሸራተቱ ይስሙት። መንገዱ ሳያልቅ ድምፁ ከሞተ፣ መሣሪያው ለዚህ ሙዚቃ አይሆንም።

አውታሮቹ ጥንት ከሐር ነበሩ። ከ1960ዎቹ ወዲህ በናይለን የተጠቀለለ ብረት በስፋት ገባ። የሐሩ ድምፅ ከሰው ጉሮሮ የቀረበ ነው፤ እኔ እርሱን እመርጣለሁ። ለጀማሪ ግን ብረቱን እመክራለሁ፦ ቅኝቱን ይጠብቃል፣ በቀላሉ አይበጠስም። አውታር መቀየር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በቀኝ በኩል ልዩ ቋጠሮ አለው፤ በግራ በኩል አውታሩ በጨርቅ ተይዞ በኃይል ተስቦ መሣሪያው የቆመባቸው ሁለት እግሮች ላይ ይጠመጠማል። የመጀመሪያውን ጊዜ መምህርዎ ሲያደርጉት ይመልከቱ።

ደረጃ 4፦ አቀማመጥ

ጠረጴዛው ከ65 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው፤ የተለመደው የምግብ ጠረጴዛ ይረዝማል። የመሣሪያው ቀኝ ጫፍ ከጠረጴዛው ወጣ ብሎ መቃኛዎቹ በአየር ላይ ይንጠልጠሉ። እንዳይንሸራተት ከሥሩ የጎማ ምንጣፍ ያድርጉ። ነጥቦቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይቆጠራሉ፤ ሰውነትዎ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ይሁን። ወፍራሙ አንደኛ አውታር ከእርስዎ የራቀው ነው፤ ቀጭኑ ሰባተኛ ወደ ደረትዎ የቀረበው። ጊታር የሚጫወት ሰው በዚህ ለጥቂት ቀናት ይምታታበታል፤ ያልፋል።

ደረጃ 5፦ መቃኘት

እዚህ ላይ ልምድዎ ይጠቅምዎታል። ነጥቦቹ እንደ ጊታር ፍሬት ግማሽ ግማሽ ቶን አይለኩም፤ አውታሩን በቀላል ክፍልፋይ የሚከፍሉ ምልክቶች ናቸው። ሰባተኛው ግማሽ ላይ ነው። ዘጠነኛውና አምስተኛው ሲሶውን፣ አሥረኛውና አራተኛው ሩቡን፣ አሥራ አንደኛውና ሦስተኛው አምስተኛውን ያሳያሉ። ስለዚህ በነጥቦቹ ላይ ጣትን ሳይጫኑ ቢነኩ ሃርሞኒክስ ያገኛሉ።

የተለመደው ቅኝት ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ዶ፣ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ ነው፤ ዝቅተኛው ዶ 65 ኸርዝ ገደማ። እነዚህን ድምፆች ከፋ ጀምረው ቢደረድሯቸው ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ ይሆናሉ፤ ይህም የትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው። የክራር ሰው ክፍት አውታሮቹን ሲደረድር ከቤቱ የወጣ አይመስለውም። ይህ የድምፅ ምርጫ መገጣጠም ብቻ መሆኑን ግን ይያዙ፤ ዜማው የሚሄድበት መንገድ ሌላ ነው።

አቃቃኙ እንዲህ ነው። አራተኛውን አውታር በመቃኛ መሣሪያ ሶል ላይ ያድርጉት። ከዚያ መቃኛ መሣሪያውን ይዝጉና በጆሮ ይቀጥሉ።

የአንደኛው አውታር ዘጠነኛ ነጥብ ከአራተኛው አውታር ሰባተኛ ነጥብ ጋር አንድ ይሁን። የአንደኛው አሥረኛ ነጥብ ከሦስተኛው ዘጠነኛ ነጥብ ጋር ይግጠም። የአራተኛው አሥረኛ ከስድስተኛው ዘጠነኛ ጋር። የሁለተኛው አሥረኛ ከአራተኛው ዘጠነኛ ጋር። የሁለተኛው ዘጠነኛ ከአምስተኛው ሰባተኛ ጋር። በመጨረሻም የአምስተኛው አሥረኛ ከሰባተኛው ዘጠነኛ ጋር። ሁሉም በሃርሞኒክስ ነው። ማረጋገጫው አንደኛና ስድስተኛ፣ ሁለተኛና ሰባተኛ አውታር ንጹሕ ኦክታቭ መሆናቸው ነው። ይህ ሁሉ በንጹሕ ኳርትና ኪንት የተሠራ ስለሆነ ከፒያኖ ወይም ከስልክ መቃኛ ጋር በጥቂቱ ይለያያል። አያስተካክሉት፤ የተጫኑት ድምፆች ከክፍቶቹ ጋር የሚስማሙት በዚህ ሲቃኝ ነው። በየቀኑ ሲጀምሩ ይህን ሳይቻኮሉ ያድርጉ። መቃኘቱ የልምምዱ አንድ ክፍል ነው።

ደረጃ 6፦ ቀኝ እጅ

ቀኝ እጅ ከድልድዩ እስከ አንደኛው ነጥብ ባለው ስፍራ ይመታል። አራት ጣቶች ይሠራሉ፣ ትንሿ ጣት ፈጽሞ አትነካም። እያንዳንዱ ጣት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ምት ስላለው መሠረታዊዎቹ ስምንት ናቸው፦ ለአውራ ጣት ፒና ቱዎ፣ ለጠቋሚ ሙዎና ቲያው፣ ለመሃል ጣት ጎውና ቲ፣ ለቀለበት ጣት ዳና ዣይ። ጥፍሮቹ ከሥጋው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ወጣ ብለው ክብ ሆነው ይሞረዱ።

ልምድ ያለው ሰው እነዚህን በጥቂት ቀናት ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ ብዙ አልቆይባቸውም። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ። የክራር ግርፍም ሆነ የጊታር ምት ጉልበቱን ከክንድ ያመጣል። እዚህ ምቱ ከጣቱ መገጣጠሚያ ይነሣል፤ ጎውን ሲመቱ መሃል ጣት አውታሩን ሰብቆ በሚቀጥለው አውታር ላይ ያርፋል። ያ ማረፍ እጁን ያረጋጋዋል። ሰባቱን አውታር በጎው ከአንድ እስከ ሰባት፣ በቲያው ከሰባት እስከ አንድ፣ ድምፁ እኩል እስኪሆን ቀስ ብለው ይለማመዱ። መድረክ የለመደ ሰው ድምፁን ማጉላት ያምረዋል። ይልቁንም ለመጀመሪያው ወር በቤትዎ ጸጥታ ውስጥ በሚሰማ ዝቅተኛ ድምፅ ይምቱ።

ደረጃ 7፦ ግራ እጅ

ጊዜዎን የሚወስደው ይህ ነው፤ መውሰድም አለበት።

የክራር ተጫዋች ግራ እጁ አውታር ላይ ቢሠራም የአውታርን ርዝመት ቀይሮ አያውቅም። መሲንቆ የሚጫወት ሰው ማንሸራተቱን ያውቀዋል፣ አውታርን ከጠንካራ ገጽ ጋር መጫንን ግን አይደለም። ጊታር የሚጫወት ሰው መጫኑን ያውቃል፤ የሚጫነው ግን በጣቱ ጫፍ ነው፣ ቦታውንም ፍሬቱ ያርምለታል። በጉቺን ላይ ዋናዎቹ የመጫኛ ጣቶች አውራ ጣትና የቀለበት ጣት ናቸው። አውራ ጣት በጎኑ፣ ጥፍርና ሥጋ በሚገናኙበት ጠርዝ ይጫናል፤ የቀለበት ጣት በጫፉ ግራ ጎን። ስለዚህ የአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት ይቀመጥ፤ የሌሎቹ የግራ እጅ ጥፍሮች ይቆረጡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ጠርዝ ይቆስላል፤ ቆዳው እስኪጠነክር አጭር አጭር ጊዜ ይለማመዱ፤ ደም እስኪመጣ መታገል ለሁለት ሳምንት ከመሣሪያው ያርቅዎታል።

የመጀመሪያ ልምምዱ ተመሳሳይ ድምፅን በሁለት ቦታ ማግኘት ነው። ሰባተኛውን አውታር ክፍት ይምቱ። ከዚያ አምስተኛውን አውታር በአሥረኛው ነጥብ ላይ ተጭነው ይምቱ። ሁለቱ አንድ ድምፅ መሆን አለባቸው። አራተኛውን አውታር በዘጠነኛው ነጥብ ቢጫኑም ያው ድምፅ ይወጣል። ጆሮዎ ልዩነቱን ወዲያው ይሰማል፤ ይህን ልምምድ ለሙዚቀኛ ፍሬያማ የሚያደርገውም ይህ ነው። ዐይንዎን ከነጥቡ አንሥተው በጆሮ ብቻ ያግኙት።

ቀጥሎ ማንሸራተት። ቹዎ ማለት ከታች፣ ማለትም ከግራ በኩል ተነሥቶ ወደ ተፈለገው ድምፅ መግባት ነው። ዡ ከላይ ወርዶ መግባት። ሻንግና ሺያ አንድ ድምፅ ከተመታ በኋላ ጣቱ ሳይነሣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ወደ ሌላ ድምፅ መሄዱ ነው፤ አንድ ምት ሦስት አራት ድምፅ ሊወልድ ይችላል። እዚህ የሚመጣው ስሕተት በሙዚቀኞች ዘንድ አንድ ዓይነት ነው፦ ድምፁ ሲሳሳ ይደነግጣሉ፣ እንደገና ይመታሉ። አይምቱ። ጣትዎ መንገዱን ይጨርስ። በመንገዱ መጨረሻ የሚቀረው በጭንቅ የሚሰማ ድምፅ ከኖታዎቹ እንደ አንዱ ይቆጠራል፤ አንዳንዴም ከዜማው ዋናው እርሱ ነው። ሙዚቃውን ለማያውቀው ሰው ዝምታ የሚመስለው ቦታ ለተጫዋቹ ሙሉ ነው። ይህን ያመነ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ከዚያ ዪንና ናው። ሁለቱም በተጫነ ድምፅ ላይ የሚደረግ መወዛወዝ ናቸው፦ ዪን ጠባብ፣ ናው ሰፊና ጠንከር ያለ። የቫዮሊን ተጫዋች «ይኼማ ቪብራቶ ነው» ይላል። እንዲህ ብሎ ከጀመረ ሁሉንም ድምፅ ያንቀጠቅጣል። በጉቺን ዪን በየድምፁ አይደረግም፤ የታዘዘበት ቦታ አለው፤ ቀስ ያለ፣ ፈጣን፣ የዘገየ፣ አንዴ ብቻ የሚመለስ እያለ ብዙ ዓይነት አለው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት የተጫነውን ድምፅ ሁሉ ቀጥ አድርገው ይያዙ። ከዚያ መምህሩ በሚሰጡት ቦታ ብቻ፣ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቆጥረው ይጨምሩ። በዘፈን ውስጥ ድምፅ ማወዛወዝ ለለመደ ሐበሻ ጆሮ ይህ ከባድ ቁጥብነት ነው፤ ግን ሳይታዘዝ የሚመጣ መወዛወዝ የጉቺንን መስመር ያደበዝዘዋል።

ደረጃ 8፦ ኖታውን ማንበብ

የጉቺን ጽሕፈት ጂያንዚፑ ይባላል። ድምፁን አይጽፍም፤ የእጁን ሥራ ይጽፋል። እያንዳንዱ ምልክት ከቻይንኛ ፊደላት ቁራጮች የተሠራ ነው፦ ከላይ በግራ የትኛው የግራ እጅ ጣት፣ ከላይ በቀኝ የትኛው ነጥብ፣ ከታች የትኛው የቀኝ እጅ ምት፣ በምቱ ውስጥ ደግሞ የአውታሩ ቁጥር። አንዱ ምልክት «በግራ አውራ ጣት ዘጠነኛውን ነጥብ ተጫን፣ ሦስተኛውን አውታር በጎው ምታ» ይላል። በነጥቦች መካከል ያለ ቦታ በአሥረኛ ክፍልፋይ ይጻፋል፤ 7.6 ማለት ከሰባተኛው ወደ ስምንተኛው ካለው መንገድ ስድስት አሥረኛው ነው። ቻይንኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ ከ1 እስከ 13 ያሉትን ቁጥሮች፣ የጣቶቹን ምልክቶችና ሃያ ያህል የምት ምልክቶችን ካጠኑ ብዙ ዜማ ማንበብ ይችላሉ።

የማይጽፈው ነገር ምት (ሪትም) ነው። የትኛው ድምፅ ረጅም፣ የትኛው አጭር እንደሆነ አይናገርም። ዜማውን የሚያውቅ መምህር ከሌለ ጽሑፉ ብቻውን አይናገርም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የድጓ ትምህርት ይህ ነገር የተለመደ ነው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ የሚባሉት ምልክቶች ዜማውን ከመምህር አፍ ለተቀበለ ሰው ያስታውሱታል፣ ላልተቀበለው ግን ዝም ይላሉ። ለዚህ ነው መምህር ይቅደም ያልኩት። ዛሬ የሚታተሙ መማሪያዎች ከጂያንዚፑው በላይ በቁጥር ኖታ ወይም በአምስት መስመር ኖታ ምቱን ይጨምራሉ። ሙዚቀኛ ሳያውቀው ዐይኑ የለመደውን ኖታ ይከተላል፣ የታችኛውን ይረሳል። ስለዚህ የላይኛውን መስመር በወረቀት ሸፍነው፣ ምቱን ከመምህሩ በጆሮ ይዘው፣ ከታችኛው ያንብቡ።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያ ዜማዎች

መጀመሪያ «ሺየንዌንግ ጻው»። ጥንት አውታርን ለመፈተሽ ይደረደር ከነበረ ዜማ የተወለደ ነው፤ ክፍትና የተጫነ ተመሳሳይ ድምፆች ይመላለሱበታል። በደረጃ 7 ያደረጉት ልምምድ እዚህ ዜማ ሆኖ ይመጣል። ከዚያ «ችዩፌንግ ጽ»፦ የባለቅኔው ሊ ባይ ናቸው በሚባሉ ስንኞች ላይ የተመሠረተ አጭር እንጉርጉሮ፣ በ1931 በታተመው የሜይአን መድብል ውስጥ የሚገኝ። ቃሉን በመጀመሪያ እያንጎራጎሩ ይማሩት፤ እጁ የቃሉን ትንፋሽ ይከተላል። ሦስተኛው «ያንግጉዋን ሳንዲየ»፣ በታንግ ዘመን ባለቅኔው ዋንግ ዌይ የስንብት ግጥም ላይ የቆመ ነው። በዚህ አምስተኛው አውታር በግማሽ ቶን ይጠብቃል፤ ቅኝት ሲቀየር የጣት ቦታዎች እንዴት እንደሚቀየሩ ያስተምራል።

ሦስቱንም በቃልዎ ይያዙ። ሦስት ዜማ በሰፊው ማወቅ አሥራ አምስት ዜማ ከወረቀት ከማንበብ ይሻላል፤ መምህሩም የሚሰጡት ጥቃቅን እርማት የሚገባው በቃል በተያዘ ዜማ ላይ ነው። በየጊዜው ራስዎን ቀርጸው ከመምህሩ ቅጂ ጋር ያስተያዩ። ምቱ ይቆይ፤ የየድምፁን አጀማመርና አጨራረስ ብቻ ያወዳድሩ።

እንደ «ሜይኋ ሳንኖንግ» እና «ጂዩ ኩዋንግ» ያሉት፣ ሁለቱም በ1425 ዡ ቹዋን ባሳተመው «ሼንቺ ሚፑ» መድብል ውስጥ የሚገኙት፣ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። «ሊዩ ሹዌይ» ደግሞ ከነዚህም በኋላ። የወንዙን መወርወር የሚያሳዩት ፈጣን ጥቅል ምቶች የጊታርን ሰው ይጠሩታል፣ ለእጁም ይቀሉታል። ያለ ግራ እጅ ጥንካሬ የሚወጣው ግን ጫጫታ ነው።

ደረጃ 10፦ የራስዎን ዜማ ማምጣት

ይህ በመምህራን ዘንድ ሁልጊዜ የሚወደድ አይደለም። እኔ ግን ሦስቱ ዜማዎች እጅ ውስጥ ከገቡ በኋላ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ሙዚቀኛ የራሱን ዜማ በአዲሱ መሣሪያ ሲፈትነው የመሣሪያውን አቅም በጥልቀት ያውቃል። የትዝታ ሜጀር በተለመደው ቅኝት ክፍት አውታሮች ላይ አለ። ለትዝታ ማይነር ሁለተኛውን፣ አምስተኛውንና ሰባተኛውን አውታር በግማሽ ቶን ያላሉ። ከፋ ቢጀምሩ ትዝታ ማይነር ያገኛሉ፤ ያንኑ ቅኝት ከዶ ቢጀምሩት አምባሰል ይሆናል። ማላላት አውታርን አይጎዳም። አውታርን ከተለመደው በጣም አጥብቆ ሌላ ቅኝት ማምጣት ግን ያስበጥሳል፤ ለባቲና ለአንቺ ሆዬ የጎደለውን ድምፅ በግራ እጅ ተጭነው ያግኙት።

ዜማውን በክራር እንደሚደረደረው አያምጡት። አንዱን ሐረግ ይውሰዱና በአንድ ምት ስንት ድምፅ ሊሸከም እንደሚችል በማንሸራተት ይሞክሩ። ከዚያ ያንኑ ሐረግ በሃርሞኒክስ ብቻ ይጫወቱት፤ በነጥቦቹ ላይ የማይገኘውን ድምፅ ይተዉት እንጂ በግድ አይፈልጉት።

የትዝታ ማይነርን ቅኝት ሲያስተካክሉ አምስተኛው አውታር ካልተቀየሩት አውታሮች ጋር በኳርትም በኪንትም ስለማይገናኝ መነሻ ይፈልጋል። የአምስተኛውን አውታር አሥራ አንደኛ ነጥብ ከስድስተኛው አውታር አሥረኛ ነጥብ ጋር በሃርሞኒክስ ያስማሙ። ከዚያ ሁለተኛውን አውታር በዘጠነኛው ነጥብ ከአምስተኛው ሰባተኛ ጋር፣ ሰባተኛውን በዘጠነኛው ነጥብ ከአምስተኛው አሥረኛ ጋር ያግጥሙ። አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛና ስድስተኛ አውታር እንደነበሩ ይቆያሉ።